«መንግሥትን አላምንም፤ ታዲያ ልጄን እንዴት ላስከትብ?»

ጥያቄው በአጭሩ ይህ ነው። ጠያቂዋ በሰሜን ሸዋ፣ ሰላድንጋይ አካባቢ ይኖራሉ። የ12 ዓመት ልጃቸው «ለሴት ተማሪዎች የማኅጸን በር ካንሰር ክትባት ሊሰጥ ነው» የሚል መልእክት ከትምህርት ቤት ይዛ መጥታለች። ቤት ውስጥ ቃላቸው የሚከበረው ታላቅ ወንድማቸው («ጋሼ» ይሏቸዋል) ደግሞ ማታ ማታ ከሚያዳምጡት የዩቲዩብ ተንታኝ ሰምተው፣ ክትባቱ የአማራን ሴት ልጅ ለማምከን የመጣ ነው ብለው ከልክለዋል። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ብለዋል አሉ። እናትየዋ ጥያቄያቸውን እንዲህ ብለው ጨርሰዋል፦ «እኔም መንግሥትን አላምንም። በስንቱ ዋሽቶናል! በዚህ ብቻ እውነቱን ይናገራል ብዬ እንዴት ልመን? ባለሙያ ካለ ያለ ፖለቲካ ይመልስልኝ።»

ከመልሱ ልጀምር። ልጅዎን ያስከትቧት። ክትባቱ አያመክንም። ይህን ለመቀበል ደግሞ መንግሥትን ማመን አይጠበቅብዎትም።

«ያለ ፖለቲካ» ያሉኝን ግን ሙሉ በሙሉ ልፈጽምልዎ አልችልም። የሕክምናው ነገር አጭር ነው፤ ረጅሙ የእምነት ማጣቱ ነገር ነው። የሕዝብ ጤና ባለሙያ ሆኜ ከመንዝ ደጋ እስከ ቀወት ቆላ ሠርቻለሁ። ክትባት እምቢ ካለ ሰው ጋር ቁጭ ስል ስለ ክትባቱ የሚጠይቀኝ ጥቂቱ ነው። ብዙው የሚያወራኝ ስለ ማዳበሪያው፣ ስለ ተዘጋው መንገድ፣ ስለ ታሰረው ልጁ ነው። ሲጨርስ «እና አሁን ለልጄ ጤና አሰቡላት?» ይለኛል። ይህን ሰው «ያልተማረ ነው» ብሎ ማለፍ ስንፍና ነው።

መጀመሪያ አጭሩን እንጨርስ። የማኅጸን በር ካንሰር በአገራችን ሴቶች ላይ ከጡት ካንሰር ቀጥሎ በብዛት የሚታይ ካንሰር ነው። መነሻው ኤች ፒ ቪ የሚባል በግብረ ሥጋ ግንኙነት የሚተላለፍ ቫይረስ ነው። ከቫይረሱ ዓይነቶች ውስጥ 16 እና 18 የሚባሉት ሁለቱ ብቻ ከ100 ታማሚዎች ለ70ዎቹ ያህል ምክንያት ናቸው። ክትባቱ የሚሠራው ከቫይረሱ የውጭ ቅርፊት ፕሮቲን ነው። ቅርፊቱ ውስጡ ባዶ ነው፤ የቫይረሱ ዘረ መል የለበትም፤ ስለዚህ ሊራባም ሆነ በሽታ ሊያመጣ አይችልም። ሰውነት ያንን ቅርፊት ያውቀውና እውነተኛው ቫይረስ ሲመጣ ይከላከለዋል። ሆርሞን የለበትም፤ ማኅጸንንም ሆነ እንቁላል ማምረቻውን የሚነካ ነገር የለበትም። ለልጆች የሚሰጠው ቫይረሱ ሳያገኛቸው ቀድሞ መድረስ ስላለበት ነው፤ አንዴ የገባውን ቫይረስ ክትባቱ አያስወጣም። «ገና ለዚች ሕፃን ይህ ምን ያደርግላታል?» ለሚሉት መልሱ ይኸው ነው።

ክትባቱ ሥራ ላይ ከዋለ እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ ነው። አውስትራሊያ እ.ኤ.አ. በ2007፣ ሩዋንዳ በ2011 በአገር አቀፍ ደረጃ ጀመሩት። ዛሬ ከ140 በላይ አገሮች ይሰጡታል። እንግሊዝ ውስጥ በ12 እና በ13 ዓመታቸው የተከተቡት ልጃገረዶች ሲያድጉ ታዩ፤ የማኅጸን በር ካንሰር ካልተከተቡት የዕድሜ ክልሎች ጋር ሲነጻጸር በ87 በመቶ ቀንሶ ተገኘ። መጀመሪያ የተከተቡት የአውስትራሊያ ተማሪዎች ዛሬ የልጆች እናቶች ናቸው። ክትባቱ የሚያመክን ቢሆን ወሬውን ከእኛ ተንታኝ ቀድመው የሚያሰሙን የሲድኒ አዋላጆች በሆኑ ነበር።

አንድ የሚያጠራጥር ነገር አለ፤ እርስዎም ሳያስተውሉት አይቀሩም። በአገራችን በ2011 ዓ.ም. ሲጀመር «ለ14 ዓመት ልጃገረዶች፣ ሁለት ጊዜ» ተባለ። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ «ከ9 እስከ 14 ዓመት፣ አንድ ጊዜ ይበቃል» ተባለ። ሕዝብ ሲሰማ «ራሳቸውም አያውቁትም» ይላል። ጉዳዩ ግን ሌላ ነው። ኬንያ ውስጥ፣ ናይሮቢን ጨምሮ በሦስት ከተሞች አካባቢ፣ ከ15 እስከ 20 ዓመት የሆናቸው ከሁለት ሺህ በላይ ወጣት ሴቶች የተሳተፉበት ሙከራ አንዱ መርፌ ብቻውን ከ97 በመቶ በላይ እንደሚከላከል አሳየ። የዓለም ጤና ድርጅት አማካሪዎችም እ.ኤ.አ. በ2022 አንድ ጊዜ መስጠትን ደገፉ። ለአንዲት ልጅ ይሰጥ የነበረው ሁለት መርፌ ለሁለት ልጆች ደረሰ ማለት ነው። ይህን በሁለት ደቂቃ ማስረዳት ይቻል ነበር፤ ብዙ ቦታ ያስረዳ ሰው አልነበረም። ለውጡ ያለ ማብራሪያ ከላይ ወረደ፤ ክፍተቱን ደግሞ ተንታኙ ሞላው።

ጋሼ «ነጮቹ ለምን በነፃ ይሰጡናል?» ማለታቸው አይቀርም። ጋቪ የሚባለው ዓለም አቀፍ የክትባት ኅብረት በብዛት ስለሚገዛ አንዱን ከ5 ዶላር ባነሰ ዋጋ ያገኘዋል፤ አሜሪካ ውስጥ የኤች ፒ ቪ ክትባት ከ200 ዶላር በላይ ይሸጣል። ሕክምናውስ? ከመንዝ ወገን የመጣች አንዲት ታማሚ አስታውሳለሁ። ደም እየፈሰሳት፣ ሽታውን ከቤተሰብ ለመደበቅ ለብቻዋ መተኛት ከጀመረች ሰነባብታ ነበር። ጠበል ተጠምቃለች፣ ባህላዊ መድኃኒት ወስዳለች፤ እኛ ጋ ስትደርስ የቀረላት የጨረር ሕክምና ነበር። የጨረር ሕክምና ደግሞ ለረጅም ዓመታት በመላ አገሪቱ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ነበር። ወረፋውን ያየ ያውቀዋል። እኔ ስለ ክትባቱ ሳስብ ፊቴ የሚመጣው የሚኒስትሩ መግለጫ ሳይሆን ያቺ ሴት ናት።

ወደ ረጅሙ እንግባ። ይህ «አማራን ማምከን» የሚባለው ነገር ከየት መጣ? ተንታኙ ከባዶ አልፈጠረውም። በ1999 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብና ቤት ቆጠራ የአማራ ክልል ሕዝብ ከተገመተው 2.4 ሚሊዮን ያህል ጎደለ። የአገሪቱ ሕዝብ በዓመት 2.6 በመቶ ያድጋል ሲባል የክልሉ ዕድገት 1.7 በመቶ ሆኖ ተመዘገበ። ነገሩ ፓርላማ ድረስ ደርሶ መነጋገሪያ ሆነ፤ ብዙ ሰው የተሰጠውን ምላሽ አልዋጠውም። ቁጥሩ በጎደለበት ጊዜ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች የወሊድ መከላከያ መርፌ ይዘው ከቤት ቤት ይዞሩ ነበር። ሰው ሁለቱን አገናኘ። ማገናኘቱ አይገርመኝም።

ግን አንድ በአንድ እንየው። የኤች ፒ ቪ ክትባት በኢትዮጵያ በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው ቆጠራው ከተደረገ ከ12 ዓመት ገደማ በኋላ ነው። በ1999 ለጎደለው ቁጥር በ2011 የመጣ መርፌ ተጠያቂ ሊሆን አይችልም። መጀመሪያ የተከተቡትም የ14 ዓመት ልጆች ነበሩ፤ የወሊድ ዕድሜያቸው ገና አሁን ነው። ክትባቱ ደግሞ ለአንድ ብሔር ተለይቶ የመጣ አይደለም፤ በሌሎቹ ክልሎችና በአዲስ አበባ የሚሰጠው ያው ነው።

የክልሉ እናቶች የሚወልዱት ልጅ ቁጥር መቀነሱ ደግሞ እውነት ነው፤ አይደበቅም። በ2008 ዓ.ም. በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት አንዲት የአማራ ክልል ሴት በአማካይ የምትወልደው 3.7 ልጅ ነበር፤ የአገሪቱ አማካይ 4.6። ምክንያቱን መንዝ ላይ ቆሞ ማየት ይቻላል። አባት አንድ ጥማድ መሬት ለአራት ወንድ ልጅ ሲያካፍል ለአንዱ የሚደርሰው ድንበር ብቻ ነው። ልጃገረዷ ትምህርት ቤት ትቆያለች፤ ትዳሩ ይዘገያል፤ ወጣቱ ደብረ ብርሃንና አዲስ አበባ ይወርዳል። መከላከያውንም ሴቶቹ ራሳቸው ፈልገውታል፤ ባላቸው ሳያውቅ የሚወጉ እንዳሉ ማንኛዋም ነርስ ትነግርዎታለች።

እዚህ ላይ የእኛን የጤና ሰዎች ጥፋት መናገር አለብኝ። ተንታኙ የሚመገበው ከዚህ ነውና። ዴፖ የሚባለው የሦስት ወር መርፌ ሲቆም ሴቷ ወዲያው አታረግዝም። የመጨረሻውን መርፌ ከወሰደች በኋላ አሥር ወር ያህል፣ አንዳንዴም ከዓመት በላይ ሊፈጅባት ይችላል። ይህ የታወቀ የመድኃኒቱ ጠባይ ነው፤ ከዚያ በኋላ ትወልዳለች። ነገር ግን ስትወጋ ይህን የነገራት ሰው ከሌለ ምን ትላለች? መርፌውን አቁማ ዓመት ጠብቃ ሲቀርባት፣ አማቷ ሲያንሾካሽኩ፣ ባሏ ፊቱን ሲያጠቁር፣ «አመከኑኝ» ትላለች። ያለችው ነገር ከራሷ ሰውነት የመጣ ምስክር ነው፤ ጎረቤት ሁሉ ያምናታል። በዓመቱ ስትወልድ ደግሞ «ስለቴ ሰመረ» ይባላል እንጂ ወሬው ተመልሶ አይታረምም። በዚያ ላይ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ «በዚህ ወር ይህን ያህል ሴት በክንድ የሚቀበረውን እንድትወስድ» የሚል ዕቅድ ተሰጥቷት፣ ሪፖርቷ በቁጥር የሚለካ ከሆነ፣ ማስረዳቱ ቀርቶ ማግባባቱ ይበዛል። ኮታ ያለበት ቦታ ምክር አይኖርም።

የመንግሥት ጥፋት በዚህ አያበቃም። ከ1998 ዓ.ም. ጀምሮ ለዓመታት በተደጋጋሚ ኮሌራ ሲገባ በይፋ «ኮሌራ» አልተባለም፤ «አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት» ተባለ፤ «አተት» ሆኖ ቀረ። ቱሪዝሙና የወጪ ንግዱ እንዳይጎዳ ነው ተብሎ ተተችቷል። የጤና ባለሙያ ሆኖ በሽታውን በስሙ መጥራት የማይችል ሰው ምን ዓይነት ምክር ይሰጣል? በኋላ በ2011 ዓ.ም. «ኮሌራ» ተብሎ በይፋ ሲነገር ለብዙዎቻችን እፎይታ ነበር፤ የሰማው ሕዝብ ግን «እስከ ዛሬስ?» አለ። መጠየቁ ልክ ነበር።

ከዚያ ኮሮና መጣ። መጋቢት 4 ቀን 2012 የመጀመሪያው ታማሚ ተገኘ፤ ወሩ ሳያልቅ ነሐሴ ላይ ሊደረግ የታሰበው ምርጫ በበሽታው ምክንያት አይካሄድም ተባለ። ውሳኔው በጤና ረገድ ምክንያት ነበረው። ግን በሽታውና ሥልጣኑ ከመጀመሪያው ቀን በአንድ ገመድ ታሰሩ። ከዚያ በኋላ ስለ ቫይረሱ የተነገረ ነገር ሁሉ ስለ ምርጫው የተነገረ መሰለ። ሰው በሠርግና በለቅሶ እንዳይሰበሰብ ተከልክሎ ሳለ የድጋፍ ሰልፍ በቴሌቪዥን ሲያይ የሚደርስበት መደምደሚያ ይታወቃል። ደብረ ብርሃን ላይ ማስክ ሳያደርግ የተያዘ የባጃጅ ሹፌር ቅጣት ሲጠየቅ «ቴሌቪዥኑንም ቅጡት» ሲል ሰምቻለሁ። መልስ የሰጠው አልነበረም።

ደግሞ ይህን ያክሉበት። የዓለም ጤና ድርጅት ዋና ዳይሬክተር ዶክተር ቴድሮስ አድኃኖም የኢሕአዴግ ዘመን የጤና ሚኒስትር ነበሩ፤ የሕወሓት ከፍተኛ አመራርም ነበሩ። ጦርነቱ እንደተጀመረ፣ ኅዳር 2013 ላይ፣ የመከላከያ ሠራዊት ጠቅላይ ኤታማዦር ሹሙ ሕወሓትን በመሣሪያ ይረዳሉ ብለው ከሰሷቸው፤ እሳቸው አስተባበሉ። በዓመቱ፣ ኅዳር 2014፣ የሕወሓት ኃይሎች ሸዋ ሮቢትን አልፈው ደብረ ሲና ደረሱ። የጤና ተቋማት ተዘረፉ፤ ሰው ወደ ደብረ ብርሃን ጎረፈ። ልክ በዚያው ጊዜ አካባቢ መንግሥት «የዓለም ጤና ድርጅት ያጸደቀውን የኮሮና ክትባት ተከተቡ» ይላል። አንድ መንግሥት የድርጅቱን ኃላፊ ጠላት እያለ የድርጅቱን ምክር ደግሞ ስሙልኝ ካለ፣ ከደብረ ሲና የተፈናቀለ ሰው ምን ይስማ? በመጠለያ የነበሩ እናቶች «ይህን የላከው ማን ነው?» ሲሉ ነርሶቹ መልስ አልነበራቸውም። በእኔ ግምት በዚያ ሰሞን ክትባቱን ከጎዱት ሁሉ የበለጠው ይህ ነው፤ የትኛውም ተንታኝ ያን ያህል አልጎዳውም።

የመንደሩን መዋቅርም አይርሱ። በየቀበሌው ሁለት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችን የመደበው ፕሮግራም ብዙ ሕይወት አትርፏል፤ በዚህ አልደራደርም። ግን የልማት ሠራዊቱ፣ አንድ ለአምስቱ፣ የክትባት ቀን የሚነገርበት ስብሰባ የድርጅት ጉዳይም የሚነገርበት ስብሰባ ነበር። ሕፃኗን እንድታስከትቢ የምትነግርሽ ሴትና በምርጫ ሰሞን የምትጠረንፍሽ ሴት አንድ ከሆነች፣ ሁለቱን መልእክት ለይተሽ እንድትሰሚ ማን አስተማረሽ?

እንግዲህ ተንታኙ የሚመጣው በዚህ ሁሉ ላይ ነው። ስለ ተንታኞች ስናገር የአንድ ወገን ብቻ አድርገው እንዳይወስዱብኝ። መንግሥትን የሚደግፈውም አለ፤ እሱ ደግሞ ስለ ክትባቱ ጥያቄ ያነሳ ሁሉ «የጠላት ተላላኪ» ነው ይላል። ይህኛው ክትባቱን እየደገፈ ከማንም በላይ ይገድለዋል። የዋህ ጥያቄ ይዛ የመጣችን እናት ከጠላት ጎራ ሲመድባት ወዴት ትሂድ? ወደዚያኛው ተንታኝ ትሄዳለች።

ተንታኝ ለፖለቲካ ሊያስፈልግ ይችላል። ችግሩ ሥራው ለማንኛውም ጥያቄ አንድ ዓይነት መልስ ማግኘት መሆኑ ነው። የዳቦ ዋጋ ሲጨምር፣ መብራት ሲጠፋ፣ ወባ ሲነሳ፣ ክትባት ሲመጣ መልሱ ያው ነው፤ ተጠያቂውም ያው ነው። ማታ ሁለት ሰዓት ላይ ላይቭ የሚገባ ሰው «ይህን አላውቀውም፤ ሐኪም ጠይቁ» ብሎ አያውቅም፤ ካለ ተመልካቹ ይወጣል። ሼር የሚደረገውም ንዴት ያለበት ነው። የሚበላው ከዚያ ነው፤ ይህን ስል እየሰደብኩት አይደለም፤ ሥራው እንዲህ ነው።

የእኛ ብቻ ችግር እንዳይመስልዎት አሜሪካን ልጥቀስ። እ.ኤ.አ. በ2020 መጀመሪያ ፎክስ ኒውስ በሚባለው ጣቢያ ላይ ሁለት ታዋቂ ተንታኞች በተከታታይ ሰዓት ይቀርቡ ነበር፤ ተከር ካርልሰንና ሾን ሃኒቲ። የፖለቲካ ወገናቸው አንድ፣ አድማጫቸውም በብዛት አንድ ነው። ካርልሰን ቫይረሱ ከባድ ነው ብሎ ቀድሞ አስጠነቀቀ፤ ሃኒቲ እስከ መጋቢት አጋማሽ ድረስ አቃለለው። ተመራማሪዎች በኋላ ሲያዩ፣ የሃኒቲ ተመልካች በሚበዛባቸው አካባቢዎች መጀመሪያ ላይ ታማሚውም ሟቹም በዝቶ ተገኘ። እንግዲህ «ካርልሰን ይታመናል» ሊሉ ነው? ያው ካርልሰን በዓመቱ ክትባቱ ሲመጣ በክትባቱ ላይ ጥርጣሬ ከሚዘሩት ዋነኛው ሆነ። መንግሥታቸውም ንጹሕ አልነበረም። የካቲት መጨረሻ ላይ የአገሪቱ ዋና የጤና ሐኪም «ማስክ መግዛት አቁሙ» አሉ፤ ሚያዝያ መጀመሪያ ላይ «ማስክ አድርጉ» ተባለ። ክትባቱ ከተዳረሰ በኋላ በኦሃዮና በፍሎሪዳ በተደረገ ጥናት ደግሞ የሪፐብሊካን ፓርቲ መራጮች ከተለመደው በላይ የሞቱበት መጠን ከዴሞክራቶቹ በልጦ ተገኘ። በተንታኙ ቃል የሞተው አድማጩ ነው።

ከዚህ የምወስደው አንድ ነገር ነው። ተንታኙ ስለ አንድ ነገር ልክ መሆኑ ስለ ሌላው ልክ አያደርገውም። መንግሥትም ስለ ኮሌራው መዋሸቱ ስለ ክትባቱ ውሸታም አያደርገውም። ሁለቱም ላይ የሚሠራ ሚዛን ነው። ጋሼ «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ማለታቸው ጥሩ ነው፤ ጥርጣሬው ግን ለተንታኙም ይድረሰው።

እንዴት? ነገሩን ከእኛ ፖለቲካ ጋር ምንም ጉዳይ የሌላቸው ሰዎች ምን እንዳደረጉ ይዩ። ሩዋንዳ ከአዲስ አበባ ምን አላት? አውስትራሊያስ? ደግሞ ይህን አንድ ነገር ለጋሼ ይንገሩልኝ፤ ስናገረው ትንሽ ደስ ይለኛል። በውጭ ካሉት የእኛ ሚዲያዎች ብዙዎቹ የሚሠሩት ከዋሽንግተን ዲሲ፣ ከቨርጂኒያና ከሜሪላንድ ነው። ቨርጂኒያና ዋሽንግተን ዲሲ ደግሞ ከሌሎቹ የአሜሪካ ግዛቶች ቀድመው፣ እ.ኤ.አ. ከ2008 እና ከ2009 ጀምሮ፣ ይህን የኤች ፒ ቪ ክትባት ከተማሪዎች የክትባት መስፈርት ውስጥ አስገብተዋል፤ ያልፈለገ ወላጅ መተው ይችላል። ተንታኙ እዚያ ከሆነ «የራስህን ልጅ አስከተብክ ወይ?» ብሎ ላይቩ ላይ መጠየቅ ይቻላል።

ወሬ ሲያሸንፍ ምን እንደሚከተል ሁለት አገር አሳይቶናል። ናይጄሪያ ውስጥ በካኖ ግዛት እ.ኤ.አ. በ2003 የፖለቲካና የሃይማኖት መሪዎች የፖሊዮ ክትባት ሴቶችን ያመክናል ብለው አስቆሙት። በዚያም ሰሜኑ ማዕከላዊውን መንግሥት የማያምንበት የራሱ ምክንያት ነበረው። ፖሊዮው ከካኖ ወጥቶ ነፃ የነበሩ ብዙ አገሮችን መልሶ ያዘ። የተፈታው በዘመቻ ስብከት አልነበረም፤ ክትባቱ ከሙስሊም አገር፣ ከኢንዶኔዥያ፣ እንዲመጣ ሲደረግ ነው። ጃፓን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2013፣ ሚዲያው የታመሙ ልጆችን ሲያሳይ ሰንብቶ፣ መንግሥት የኤች ፒ ቪ ክትባትን መምከር አቆመ። ከ100 ልጃገረዶች 70 ያህሉ ይከተቡ የነበረው ወደ አንድ እንኳ የማይሞላ ሆነ። በኋላ በተደረጉ ጥናቶች የተባሉት ሕመሞች ከክትባቱ ጋር አልተያያዙም፤ ምክሩ የተመለሰው እ.ኤ.አ. በ2022 ነው። በመሐል ያለፉት ልጃገረዶች ያመለጣቸውን ከዚያ በኋላ በተጨማሪ ፕሮግራም ሲያሳድዱት ነበር።

አሁን ወደ ቤትዎ። ጋሼን በክርክር አይግጠሟቸው፤ በተለይ ሰው ባለበት። «ተንታኙ ውሸታም ነው» ካሏቸው ስለ ክትባቱ ሳይሆን ስለ ክብራቸው መከራከር ይጀምራሉ። «ጋሼ፣ መንግሥትን በተመለከተ እርስዎ ያሉት ልክ ነው፤ እኔ የምጠይቀው ስለ መርፌው ብቻ ነው» ይበሏቸው። ከዚያ አብረዋችሁ ጤና ጣቢያ እንዲሄዱ ይጋብዟቸው። ከልጅቷ ጋር ታላቅ አጎቷ ሆነው ሲገቡ ጠባቂ ይሆናሉ እንጂ ተሸናፊ አይሆኑም። ከካድሬ ጋር ሳይሆን ከነርስ ጋር ይነጋገሩ፤ የምታውቋት የአገር ልጅ ብትሆን ደግሞ ይሻላል። የራሷን ልጅ ወይም እህት አስከትባ እንደሆነ ይጠይቋት፤ ነርሶቻችን ይህን ጥያቄ አይጠሉትም።

የንስሐ አባታችሁንም ማነጋገር ጥሩ ነው። እርስዎ ጻድቃኔ ማርያም ደጃፍ ላይ ነዎት፤ ጠበሉ ምን ያህል ሰው እንደሚሰበስብ ከእኔ በላይ ያውቃሉ። በ1999 ዓ.ም. አቡነ ጳውሎስ የኤች አይ ቪ መድኃኒትንና ጠበልን አብሮ መውሰድ እንደሚቻል በይፋ ሲናገሩ፣ እኛ በፖስተርና በስብሰባ ያላሳመንነው ሰው መድኃኒቱን ሳያቋርጥ መጠመቅ ጀመረ። አንዳንድ ካህናት ስለዚህ ክትባት ገና ያልሰሙ ሊሆኑ ስለሚችሉ መጀመሪያ እርስዎ ይንገሯቸው፤ ካሜራ ይዞ የመጣ ሰው ቀድሞ እንዳይነግራቸው።

ጤና ጣቢያው ወይም ትምህርት ቤቱ ውስጥ ደግሞ በዓይንዎ የሚያረጋግጡት ነገር አለ። ክትባቱ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለው ቅዝቃዜ መቀመጥ አለበት፤ በረዶ መሥራት የለበትም። ብልቃጡ ላይ አንዲት ትንሽ ክብ ምልክት አለች፤ ውስጧ አራት ማዕዘን አለ። አራት ማዕዘኑ ከዙሪያው ክብ የነጣ ከሆነ ሙቀት አላበላሸውም። እኩል የጠቆረ ወይም የባሰ የጠቆረ ከሆነ አይሰጥም። «አሳዩኝ» ቢሉ ነውር የለውም። ነርሷ ስታሳይ የቆሙት እናቶች ሁሉ አንገታቸውን አስግገው ሲያዩ አይቻለሁ፤ ከዚያ በኋላ ያለው ወረፋ ጸጥ ያለ ነው። መርፌውም ከእሽጉ ፊትዎ ላይ ሲወጣ ይዩ።

ልጅዎ ቁርስ በልታ ትሂድ። መርፌው ክንዷ ላይ ይሰጣል፤ ከተሰጣት በኋላ 15 ደቂቃ ቁጭ ትበል። በዚህ ዕድሜ ያሉ ልጆች መርፌ በመፍራት ብቻ ራሳቸውን ሊስቱ ይችላሉ፤ አንዷ ስትወድቅ ያዩ ሌሎቹም ይከተላሉ። ብዙ የክትባት ወሬ የተወለደው እንዲህ ካለ የትምህርት ቤት ግቢ ነው። ክንዷ አንድ ሁለት ቀን ሊያማት፣ ትንሽ ሊያተኩሳት ይችላል። ፊቷ ካበጠ፣ ትንፋሽ ካጠራት ወይም ሰውነቷ ሽፍ ካለ ግን እዚያው ላለችው ነርስ ወዲያው ይንገሩ፤ እጅግ አልፎ አልፎ የሚያጋጥም ነው፤ መድኃኒቱም እዚያው አለ። ከፍተኛ ትኩሳት ካላት ወይም በጣም ታማ ከሆነ ለሌላ ቀን ያስተላልፉላት። የክትባት ካርዷን አያጥፉት። እርስዎ ራስዎ ዕድሜዎ ከ30 በላይ ከሆነ ደግሞ ጤና ጣቢያ ከሄዱ አይቀር የማኅጸን በር ምርመራ ይሰጥ እንደሆነ ይጠይቁ፤ ክትባቱ ለእርስዎ ዘግይቷል፤ ምርመራው ግን አልዘገየም።